ከ«የስ» በፊት «አልገባኝም»

እንግሊዝኛ ሳያውቅ አሜሪካ የገባ ትልቅ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚለምዳት ቃል አለች፤ «የስ»። አስተማሪ አያስፈልጋትም። የኤርፖርት ሠራተኛ ሲያናግረው «የስ»፣ ገንዘብ ተቀባይዋ ከረጢት ይፈልግ እንደሆነ ስትጠይቀው «የስ»፣ ጎረቤቱ ስለ ብርዱ ሲያወራው «የስ፣ የስ»። አጭር ናት፣ ከፈገግታ ጋር ትሄዳለች፣ ሰው አታስቀይምም። ብዙውን ጊዜም መዘዝ የላትም። መዘዟ የሚመጣው «የስ» የተባለለት ነገር መድኃኒት፣ ውል ወይም ፍርድ ቤት ሲሆን ነው።

ነገሩ የቃላት እጥረት ብቻ ይመስላል፤ አይደለም። አማርኛ ተናጋሪው «የስ» ሲል በልቡ የሚለው «እሺ» ነው። «እሺ» ደግሞ ብዙ የምትሸከም ቃል ናት። ሰምቻለሁ ማለት ትሆናለች፣ አከብርዎታለሁ ማለት ትሆናለች፣ ይቀጥሉ ማለት ትሆናለች። አንዳንዴም «አላደርገውም፣ ግን ፊት ለፊት እምቢ ብዬ አላሳፍርህም» ማለት ናት። ቢሮ ሄዶ «እሺ፣ ነገ ና» ተብሎ የተመለሰ ሰው ይህን በደንብ ያውቃል። የአሜሪካዋ «የስ» ግን ይህን ሁሉ አትሸከምም። እውነት ነው፣ ተስማምቻለሁ፣ ፈቅጃለሁ ማለት ናት። ተናጋሪው ጨዋነት የሰጠ ሲመስለው ሰሚው ፊርማ ይቀበላል።

ከደሴ ሄደው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ልጃቸው ዘንድ የሚኖሩ አንዲት እናት ይህን የተማሩት በሆዳቸው ነው። ደሴ ላይ 30 ዓመት በርበሬና ቅመም ነግደዋል። የኩንታል ሒሳብ በቃላቸው ሠርተው የሚጨርሱ፣ ሚዛን የሚያጭበረብር አከፋፋይ ገና ከሩቅ የሚለዩ ሴት ነበሩ። ትምህርት ግን ከ4ኛ ክፍል አላለፉም። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ልጃቸው ስትወስዳቸው ዕድሜያቸው 57 ነበር።

ሲልቨር ስፕሪንግ እንግሊዝኛ ለሌለው ሐበሻ ክፉ ቦታ አይደለም። እንጀራው ከሱቅ ይገዛል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው፣ ፀጉር ቤቷም፣ ታክስ የሚሠራውም፣ ሹፌሩም አማርኛ ይናገራሉ። ሰው ከቅዳሴ ወደ ለቅሶ፣ ከለቅሶ ወደ ሠርግ እያለ አንድም የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ዓመታት ሊኖር ይችላል። እሳቸውም 2 ዓመት እንዲሁ ኖሩ።

ከዚያ ጨጓራቸው አስቸገራቸው። ሐኪሙ በካሜራ ይታይ አለና ቀጠሮ ተያዘ። ትእዛዙ ግልጽ ነበር፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምግብም ውሃም የለም። ለእሳቸው ይህ ቀላል ነው። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር፣ እስከ 9 ሰዓት መቆየት የኖሩበት ነው። ልጃቸው በር ላይ አድርሳቸው መኪና ልታቆም ሄደች። በዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ ነርሷ መጥታ ጠየቀቻቸው። ጥያቄዋ በአማርኛ ቢሆን «ዛሬ ጠዋት ምንም አልበሉም?» የሚል ነበር። እሳቸው «ኢት» እና «ሞርኒንግ» የሚሉትን ለይተዋል፣ የነርሷን ራስ መነቅነቅም አይተዋል። በሙሉ ልብ «የስ» አሉ። ነርሷ ግራ ገብቷት «በልተዋል?» አለች። «የስ፣ የስ።»

ምርመራው ተሰረዘ። ልጃቸው ስትመለስ እናቷ ጫማቸውን እያጠለቁ ነበር። «ቶሎ ጨረሱልኝ» አሏት። ልጅቱ ለማስረዳት ብትሞክርም፣ በልቻለሁ ብሎ በራሱ አፍ የተናገረ ታካሚ ማደንዘዣ አይሰጠውም ተባለች። የሚቀጥለው ክፍት ቀን ከ6 ሳምንት በኋላ ነበር።

እናትየው አልዋሹም። በአማርኛ ከሄድን አልተሳሳቱምም። «አልበሉም?» ተብሎ የተጠየቀ አማርኛ ተናጋሪ ካልበላ «አዎ፣ አልበላሁም» ይላል። «አዎ»ው የጠያቂውን አባባል ያጸድቃል። በእንግሊዝኛ ግን መልሱ የሚከተለው ድርጊቱን ነው። ካልተበላ መልሱ «ኖ» ነው፤ ጥያቄው «በልተዋል?» ተብሎም ይምጣ «አልበሉም?» ተብሎ ለውጥ የለውም።

ተቃራኒውን ያስቡት። ቁርሱን የበላ ሰው «አልበሉም?» ሲባል «አይ፣ በልቻለሁ» ለማለት ፈልጎ «ኖ» ብሎ ቢያቆም፣ ነርሷ ባዶ ሆድ ነው ብላ ትጽፋለች። ባዶ ሆድ የሚጠየቀው ደግሞ ለወግ አይደለም። ማደንዘዣ በወሰደ ሰው ሆድ ውስጥ ያለ ምግብ ተመልሶ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። የደሴዋ እናት «የስ» 6 ሳምንት አስከፈለች። የዚያኛው «ኖ» ነፍስ ልታስከፍል ትችላለች።

እንዲህ ያሉ ወጥመዶች ብዙ ናቸው፤ አንዳቸውም ከከባድ ሰዋስው የመጡ አይደሉም። «አት ቱ» ተብሎ የተቀጠረ ጀማሪ ቁጥሯን በትክክል ሰምቶ፣ በአገሩ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይደርሳል። ቀጠሮው ግን ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። መድኃኒቱን «አት ኤይት» ይዋጡ የተባለም እንዲሁ 6 ሰዓት ይስታል። «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» ላልለመደ ጆሮ አንድ ናቸው። ትንፋሽን ወደ ውስጥ ስቦ «አዎ» ማለት ደግሞ በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው፤ ይህን የማታውቅ ነርስ ታካሚው የደነገጠ ወይም አየር ያጠረው ይመስላታል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ጥያቄ ሊጠሩ የሚችሉ ናቸው። ግን በመጨረሻ «ገባዎት?» ሲባል መልሱ «የስ» ስለሆነ ሳይጠሩ ያልፋሉ።

ይህችን «የስ» ያስተማረችን አሜሪካ አይደለችም። አገር ቤት መምህሩ ሰሌዳውን ሞልቶ ዞር ይልና «ገባችሁ?» ይላል። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። የገባውም ያልገባውም እኩል ይጮኻል። «እኔ አልገባኝም» ብሎ እጁን የሚያነሳ ልጅ ከኋላ ይሳቅበታል፤ መምህሩም ትምህርቱን እንዳጓተተበት ሊቆጥረው ይችላል። ልጁ ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ነገር ይማራል፤ አለማወቅን በ«አዎ» መሸፈን።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን አድርጓል። ስለዚህ በዚህ መንገድ 12ኛ ክፍል የጨረሰ ወጣት በወረቀት ላይ ጀማሪ አይደለም። ባዮሎጂውንም ታሪኩንም የተፈተነው በእንግሊዝኛ ነው። ዲቪ ደርሶት መጋዘን ሲቀጠር ግን ተቆጣጣሪው ስለ ማሽኑ የሚነግረው አያልፍለትም። ፓሲቭ ቮይስ ያውቃል፣ «እስቲ ድገምልኝ» ማለት ግን ይከብደዋል። ቃላቱ አሉት፤ ድፍረቱ ነው የሌለው። «ገባህ?» ሲባል ልክ እንደ ክፍሉ «የስ!» ይልና ከጎኑ ያለውን ሰው እያየ ይሠራል። ሰው እያዩ መሥራት ደግሞ ማሽኑ እጅ እስኪይዝ ድረስ ያዋጣል። ከ4ኛ ክፍል ያቋረጡት እናትና 12ኛን የጨረሰው ወጣት ጭንቅ ሲመጣ የሚናገሯት ቃል አንድ ናት።

የወላጅን «የስ» የሚያቃኑት ብዙውን ጊዜ ልጆች ናቸው። የ10 ዓመት ልጅ የባንክ ደብዳቤ ያነባል፣ ከቤት አከራይ ጋር ይከራከራል። ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራም መምህሯ ስለ እሱ የምትለውን ለእናቱ የሚያስተረጉመው ራሱ ነው። ትርጉሙም ሁልጊዜ «ጎበዝ ነው እያለች ነው» የሚል ነው። ይህ ያስቃል። የእናቱን የምርመራ ውጤት ማስተርጎም ሲደርስ ግን አያስቅም። ልጁ ከባዱን ቃል ከሐኪሙ አፍ ተቀብሎ ወይ ለእናቱ ማድረስ ወይ መዋጥ አለበት። እናትም ስለ ማህፀኗ በወንድ ልጇ ፊት አትናገርም። ሐኪሙ «ሌላ የሚያምዎት ነገር አለ?» ሲል «የለም በለው» ትላለች።

ይህ እንዳይሆን ሕግ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የጤና ሕግ፣ በአንቀጽ 1557 እና እሱን ተከትለው በወጡ ደንቦች፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ላይ መተማመንን ይከለክላል። ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ያወጣች ሲሆን፣ አማርኛ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ሰነድ ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው።

እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ እንግሊዝኛን የአገሪቱ ኦፊሴላዊ ቋንቋ የሚያደርግ ትእዛዝ ፈርመዋል። ክሊንተን በ2000 የፈረሙትንና የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ሰዎች አገልግሎት እንዲያመቻቹ የሚያዘውን ትእዛዝም ሽረዋል። ይህ ብዙ ቤት ሥጋት አስገብቷል። ሆኖም የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ኮንግረስ ያወጣውን ሕግ አይሽርም፤ በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግም የጤና ሕጉ አንቀጽም በቦታቸው ናቸው።

ችግሩ መብቱ የሚሠራው ሲጠየቅ መሆኑ ነው። የደሴዋ እናት መዝገብ ላይ «የሚመርጡት ቋንቋ» በሚለው ቦታ «እንግሊዝኛ» የሚል ተሞልቶ ነበር። የሞላችው ልጃቸው ናት። አስተርጓሚ ከተባለ ወረፋው ይረዝማል፣ ደግሞስ እኔ አለሁ አይደል ብላ ነው። ብዙ ልጆች በቅንነት እንዲህ ያደርጋሉ። ሆስፒታሉ ስልክ አንስቶ አማርኛ የሚናገር አስተርጓሚ ሊያገኝ ይችል ነበር። እንደሚያስፈልጋቸው ግን ወረቀቱም አላለ፣ እሳቸውም አላሉ።

ከሆስፒታል ውጭም ሒሳቡ ረጅም ነው። አገር ቤት ትዳር የያዘ ልጅ ያላት እናት ለዚያ ልጅ ማመልከቻ ማስገባት የምትችለው ዜግነት ስታገኝ ነው፤ በግሪን ካርድ አይቻልም። ለዜግነት ደግሞ በመደበኛው መንገድ 5 ዓመት ቆይቶ በእንግሊዝኛ መፈተን ያስፈልጋል። ከእንግሊዝኛው ፈተና በዕድሜ ነፃ የሚሆነው 50 ዓመት ሞልቶት 20 ዓመት፣ ወይም 55 ሞልቶት 15 ዓመት በግሪን ካርድ የኖረ ነው። እኚህ እናት በ57 ዓመታቸው ገብተዋል። ቢማሩ በ62 መፈተን ይችላሉ። ነፃ የሚሆኑበትን ቀን ከጠበቁ 72 ይሆናቸዋል። በመካከሉ 10 ዓመት አለ።

ቃለ መጠይቁ ራሱ ለ«የስ» ባዮች የተዘጋጀ ወጥመድ ይመስላል። ኤን-400 የሚባለው ቅጽ ረጅም የ«አድርገው ያውቃሉ?» ዝርዝር አለው። ዜጋ ነኝ ብለው ያውቃሉ? ወንጀል ፈጽመው ያውቃሉ? የኮሙኒስት ፓርቲ አባል ሆነው ያውቃሉ? ለደርግ ዘመን ሰው የመጨረሻዋ ጥያቄ ቀልድ አይደለችም። «ኖ»፣ «ኖ» ሲባል ተቆይቶ በመጨረሻ ሕገ መንግሥቱን ይደግፋሉ ወይ፣ ቃለ መሐላውን ይፈጽማሉ ወይ ሲመጣ መልሱ «የስ» ይሆናል። ጥያቄውን ሳይሰማ ቃሉን ብቻ የሸመደደ ሰው የትኛው ጋ መዞር እንዳለበት አያውቅም።

እናትየው መጀመሪያ የማታ ትምህርት ሞክረው ነበር። ነፃ ነው፣ አስተማሪዋም ደግ ነበረች። ግን ከፊደል ተነሥታ ወደ «ዲስ ኢዝ ኤ ፔን» ሄደች፤ ከጎናቸው የተቀመጡት ወጣቶች ደግሞ ቀድመው ይመልሳሉ። በሦስተኛው ሳምንት «ራሴ አይዝም» ብለው ቀሩ።

እውነቱን ለመናገር ራሳቸው ይዞ ያውቃል። የደሴ ነጋዴ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ይወርዳል። ባቲ አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ የሚገናኙበት ገበያ ነው። እሳቸው በሁለቱም ቋንቋዎች ቁጥር ይቆጥራሉ፣ ዋጋ ይጠይቃሉ፣ ይከራከራሉ። ፊደል አልቆጠሩበትም፣ ማንም አልፈተናቸውም። መጀመሪያ የያዟቸው ቃላትም «እሺ» የሚሉ አልነበሩም። «ስንት?»፣ «ድገመው»፣ «አይሆንም» የሚሉ ነበሩ። ገበያ ላይ ያልገባውን ዋጋ «እሺ» የሚል ነጋዴ ማታ ከስሮ ይገባል። ስለዚህ ያልገባቸውን ሦስት ጊዜ ይጠይቁ ነበር፤ ማንም አላዋቂ አላላቸውም፣ እንዲያውም ብልህ ነጋዴ አሏቸው። አሜሪካ ሲገቡ የጠፋባቸው ይህ ብልሃት ነው። ነርስና ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ራሳቸውን እንደ ነጋዴ ሳይሆን እንደ ተማሪ ቆጠሩ።

ልጃቸው ይህን ያስተዋለችው ከተሰረዘው ቀጠሮ በኋላ ነው። በእነዚያ 6 ሳምንታት ማታ ማታ፣ ሽንኩርት እየተላጠ፣ ፊደል ሳይነሳ ጥቂት አባባሎች ብቻ ተለማመዱ። «ኖ አንደርስታንድ» ማለትን። «ስሎው፣ ፕሊስ» ማለትን። «ራይት፣ ፕሊስ» ብሎ ወረቀት ማቅረብን፤ የተጻፈ ነገር ቤት ገብቶ ይነበባል። «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊስ» ማለትን፤ የቋንቋውን ስም በእነሱ አጠራር የማያውቅ ሰው «ኢትዮጵያን» ብሎ ይቀራልና። ስልክ ደውሎ ስለ ሂሳብ ወይም ስለ ውል ለሚጠይቅ ሰው ደግሞ «ኖት ቱዴይ» ብሎ መዝጋትን። «ኖ አንደርስታንድ» ሰዋስዉ የጎደለ ነው። ግን ሐኪምን ያስቆማል። የተቃና «የስ» አያስቆምም።

ሁለት ልማድም ጨመሩ። አንደኛው በ«የስ» ወይም በ«ኖ» ብቻ አለመመለስ ነው፤ ነገሩን ራሱን መናገር። «አልበሉም?» ቢባል «ኖ ፉድ፣ ኖ ዋተር»። ይህን ማንም ገልብጦ አይሰማውም። ሁለተኛው የሰሙትን መልሶ መናገር ነው፤ «ቱ ፒልስ? ሞርኒንግ?» በጣት እያሳዩ። ይህ ባቲ ላይ ዋጋ ሲደጋግሙ እንደኖሩት ነው። የአሜሪካ ሐኪሞችም ታካሚው የተነገረውን በራሱ ቃል እንዲመልስ እንዲጠይቁ ይሰለጥናሉ።

በሁለተኛው ቀጠሮ ካሜራው ገባ። የተገኘው የጨጓራ ቁስለት ነበር፤ በመድኃኒት የሚድን። ከዚያ ወዲህ እንግሊዝኛቸው በፍጥነት አደገ ማለት አይቻልም። አሁንም ዜና አይሰሙም፣ ቀልድ አይገባቸውም። ግን አንድ ነገር ተለውጧል፤ ያልገባቸው ነገር እንዳልገባቸው ከፊታቸው ያለው ሰው ያውቃል። ወደ ማታው ትምህርትም ተመልሰዋል፤ ወጣቶቹ ቀድመው ሲመልሱ «ስሎው፣ ፕሊስ» እያሉ ያስቆሟቸዋል።

ወላጅ የሚያመጣ ልጅ ሁሉ ከሻንጣውና ከጃኬቱ እኩል ሊያስብበት የሚገባው ይህ ነው። ቅጽ ላይ «አማርኛ» ብሎ መጻፍ ዝቅ ማለት አይደለም። በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየማኅበሩ ለአረጋውያን እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ በጎ ፈቃደኞችም የመጀመሪያውን ቀን ለኤ ቢ ሲ ዲ ባይሰጡት ይሻላል። የመጀመሪያው ቀን «አልገባኝም» የሚባልበት፣ ተደጋግሞ የሚባልበት፣ የሚሳቅበት ሳይሆን የሚጨበጨብበት ቀን ይሁን። ፊደሉ ይደርሳል።

አገር ቤትም እንግሊዝኛን ስለማሻሻል ሲነሳ መጽሐፍ ይቀየር፣ ክፍለ ጊዜ ይጨመር ይባላል። እሱም ይሁን። ከእሱ በፊት ግን ምንም በጀት የማይጠይቅ ነገር አለ። መምህሩ ሰሌዳውን ሞልቶ ሲዞር «ገባችሁ?» ማለቱን ትቶ «ምኑ አልገባችሁም?» ቢል፣ ቀድሞ እጁን ያነሳውንም ልጅ ቢያመሰግነው፣ ያ ልጅ የትም አገር ቢሄድ ያልገባውን ነገር «የስ» ብሎ አይፈርምም።